ክቡር ካፒቴን ዱሬሳ አይጎተቱም

አንድ ጊዜ ባሕር ያየ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ዕረፍት የለውም። ማስረጃ አያስፈልግም፤ እናንተም ሰፈር አንድ አለ። ምናልባት የእናንተ ሰው ያየው ባሕር ላይሆን ይችላል። ኮሪያ ዘምቶ ይሆናል፣ አስመራ ሁለት ዓመት ከርሞ ይሆናል፣ ወይም ለኩላሊቱ ቤይሩት ሄዶ አሥራ አንድ ቀን ተኝቶ ይሆናል። ብቻ አንድ ቦታ ደርሶ ተመልሷል፤ ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ እዚህ ያለው ነገር ሁሉ አንሶበታል። ዝናብ ቢዘንብ "ይሄ ደግሞ ዝናብ ተባለ?" ይላል። ድልድይ ቢሠራ ዞር ብሎ አያየውም። ልጅ ተወለደ ቢሉት "እዚያማ ሲወለዱ ነው የሚከብዱት" ይላል።

ቃሊቲን የደረሷት ግን የእነዚህ ሁሉ አለቃ ናቸው፤ ክቡር ካፒቴን ዱሬሳ ጉተማ፣ የቃሊቲና የአካባቢዋ ባሕር ኃይል ጠቅላይ አዛዥ! የባቡር ኩባንያው ወረቀት ላይ ማዕረጋቸው "የሸራ መጋዘን ጠባቂ" ይላል። ወረቀት ምን ያውቃል? ሥራቸው እህልና ጨው የጫነ ክፍት ፉርጎ በመጣ ቁጥር ሸራ አልብሶ ማሰር፣ የተቀደደውን መጥቀም፣ ያረጀውን ሬንጅ መቀባት ነው። ይህን የሚያደርጉት ግን እንደ ኩባንያ ሠራተኛ ሳይሆን ማዕበል ሊመጣበት እንደተቃረበ ሰው ነው። ቃሊቲ ከባሕር ስንት ቀን መንገድ እንደሆነች ቢነግሯቸው አይሞቃቸው አይበርዳቸው።

ቀናው የቃሊቲ ጣቢያ ሹም ሆኖ የመጣው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ኮፍያው አዲስ፣ ጠረጴዛው አዲስ፣ ትዕቢቱም ብዙ አላገለገለም። ካፒቴን ዱሬሳ ገብተው ጠረጴዛውን አዩት። በጣታቸው ነካ አደረጉት። ተንቀሳቀሰ።

"ኤለን ላይ ሳለን ጠረጴዛ እንዲህ አይንገዋለልም ነበር" አሉ።

ቀናው ኤለን ማን እንደሆነች ሳይጠይቅ ለምሳ ወጣ። ሲመለስ ጠረጴዛው በአራት ረጃጅም ምስማር ወለሉ ላይ ተቸንክሮ ጠበቀው። እዚያው፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ከምትገባበት በር ትይዩ! ለሰባት ዓመት ከሰዓት በኋላ ዓይኑን እያጨናበሰ ጻፈ። ምስማሩን ለመንቀል የሞከረ ጠራቢ ሁሉ ደክሞት ሄዷል፤ እሳቸው የቸነከሩት ነገር አይነቀልም።

ኤለን መርከብ ናት። እንግሊዝ አገር፣ ዌልስ ከሚባለው ወገን፣ ባለ ሁለት ምሰሶ የእንጨት የንግድ መርከብ። ካፒቴን ዱሬሳ እንደሚሉት ከሆነ ችንካሯ እንኳ እንጨት ነበር። በእሷ ላይ ዓሥራ ሰባት ዓመት አገልግለዋል፤ ማዕረጋቸው ወጥ ቤትና ሸራ ጠጋኝ ነው። ይህን ራሳቸው አይደብቁም። ካፒቴን ያላቸው የሰፈሩ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ለቀልድ፣ በኋላ ልማድ ሆኖ፣ መጨረሻ ላይ ሌላ ስም የሚያስታውስ ጠፍቶ።

የተወለዱት እዚሁ፣ ከጣቢያው ማዶ ካለው የገበሬ መንደር ነው። በወጣትነታቸው የነጋዴ በቅሎ ሲነዱ ሐዲዱ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር። እዚያ ደርሰው "እስቲ ይህን ነገር ልሞክረው" ብለው ባቡር ተሳፈሩ፤ ጅቡቲ ወረዱ፤ ባሕሩን አዩ፤ አለቀ። በቅሎዎቹን ማን እንደመለሳቸው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ከጅቡቲ በእንፋሎት መርከብ ተቀጥረው እሳት ላይ ከሰል በአካፋ እየጨመሩ ካርዲፍ የሚባል ወደብ ደረሱ። ያን ጉዞ ሲያነሱ ይተፋሉ፤ በእውነት እንትፍ ይላሉ።

"ሃያ ስድስት ቀን ባሕር ላይ ሄጄ ባሕር አላየሁም" ይላሉ። "ያየሁት የምድጃ አፍ ነው!"

በሳምንቱ ወደብ ዳር ሲዞሩ ኤለንን አገኙ። ጭስ የላት፣ ጩኸት የላት፣ ነፋስ ጠብቃ የምትሄድ። ከዌልስ ተራራ የሚፈለጥ የጣሪያ ድንጋይ ጭና ትሄዳለች፣ ጨው ይዛ ትመለሳለች። ባለቤቶቿ ስልሳ አራት ናቸው፤ ዳቦ ጋጋሪው፣ ቄሱ፣ የትምህርት ቤቱ አስተማሪ፣ ሁለት መበለቶች፣ እያንዳንዱ ድርሻ ድርሻውን ይዞ። "እድር በላት" ይላሉ ካፒቴን፤ "በባሕር ላይ የምትሄድ እድር!"

ባለቤታቸው እትዬ አደሴ ስለዚች መርከብ ሲነሳ ፊታቸው ይጠቁራል። አንድ ቀን ቀናው ሊያጽናና ብሎ "ኧረ እትዬ፣ መርከብ እኮ ናት" ቢላቸው እንዲህ አሉት፦

"መርከብ መሆኗን አጥቼው ነው? ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ሴት ታረጃለች።"

እንግዲህ ስለ ደወሉ ልንናገር ነው። በቃሊቲ ጣቢያ ደወል አንዴ ከተደወለ ባቡሩ ከአቃቂ ተነሥቷል ማለት ነው፤ ሁለቴ ከተደወለ ታይቷል፤ ሦስቴ ከተደወለ ሊሄድ ነው። ይህን ሕፃን ያውቃል። ደዋዩ ወባ ይዞት የቀረ ቀን ቀናው ተሳስቶ ደወሉን ለካፒቴን ዱሬሳ ሰጠ። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ስምንት ጊዜ ደወሉ። ስምንት! የአዲስ አበባ ተሳፋሪ ጨው ወደጫነ ፉርጎ ዘሎ ወጣ። ገበያተኛው እሳት ነው ብሎ ወደ ወንዝ ሮጠ። የጣቢያው ዘበኛ ጠመንጃውን አነሣ። ቀናው ትንፋሹ ተቆራርጦ ሲደርስ ካፒቴን የደወሉን ገመድ በሥነ ሥርዓት እየጠቀለሉ ነበር።

"እኩለ ቀን ስምንት ነው" አሉት። "የዓለም መርከበኛ ሁሉ ያውቀዋል።"

"እኛ መርከበኛ አይደለንም እኮ ጋሽ ዱሬሳ!"

"እሱማ ይታያል" አሉ።

የፊሽካው ጉዳይ ከዚህ የባሰ ነው። መርከብ ላይ ያፏጨ ሰው ማዕበል ጠርቷል ተብሎ ይደበደባል። የባቡር ተቆጣጣሪ ደግሞ ፊሽካ ካልነፋ ባቡር አይነሣም። ሰባ ኩንታል ስንዴ ሸራ ለብሶ ቆሞ ሳለ ተቆጣጣሪው ፊሽካውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ካፒቴን እጁን ለቀም አድርገው ያዙት። "ሸራ ለብሳ ሳለች አይፏጭም!" ዓሥራ ስምንት ደቂቃ ተጨቃጨቁ። ባቡሩ የዘገየበትን ምክንያት ጽፎ ወደ ለገሃር መላክ የቀናው ፈንታ ነበርና ብዙ አስቦ "የአየር ጠባይ" ብሎ ጻፈ።

ለቅሶ ቤትም አይምሩም። ድንኳን ባዩ ቁጥር ዓይናቸው ሬሳው ላይ ሳይሆን ገመዱ ላይ ነው። አንድ ጊዜ በዋይታው መሃል ገብተው፣ "ልጄ፣ እስቲ ይቺን ጫፍ ያዢልኝ፤ ይህን ያሰረ ሰው በነፍስ የሚጠየቅ ነው" ብለው እህቷ ሞታባት የምታለቅሰውን ሴት ገመድ አስይዘዋታል። ያዘችላቸው። ምን ታድርግ? ሰኔ ነበር፤ በዚያው ቀን ከሰዓት የመጣው ነፋስ የሁለት ሰፈር ድንኳን ሲገለብጥ የእሷ ቀጥ ብሎ ቆመ።

እውነቱን ለመናገር ይህ ነገር ቀናውን ያበሳጨው ነበር። ሰውየው ዝም ብለው ለፍላፊ ቢሆኑ ኖሮ ይገላገላቸው ነበር። ግን በሰባት ክረምት ውስጥ ከቃሊቲ ከወጣው እህል አንድ ጆንያ ረጥቦ አያውቅም። ከሌላ ጣቢያ የሄደው ስንዴ ሲበቅል፣ ጨው ሲቀልጥ፣ የቃሊቲው ደረቁን ይደርሳል። ቀናው በዚህ ሁለት ጊዜ ምስጋና ተጽፎለታል። ሁለቱንም ለካፒቴን አላሳያቸውም፤ ቢያዩት "ኤለን ላይ ሳለንማ" ብለው እስከ ማታ እንደማይለቁት ያውቃል።

የናፍጣው ባቡር በመጣ በሁለተኛው ዓመት፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ደብዳቤ ደረሰ። ኩባንያው የብረት ጣሪያ ያላቸው ዝግ ፉርጎዎች አስመጥቷል። የሸራ ሥራ ቀርቷል። የቃሊቲ ሸራዎች በሙሉ በመጀመሪያው የሰኔ ቅዳሜ ከዕቃ ባቡሩ ኋላ ተቀጥለው ወደ አቃቂ ይወሰዱና እንደ ቡትቶ ይሸጡ። ጠባቂው አስረክቦ ይፈርምና ይሰናበት።

ቀናው ደብዳቤውን ሲያነብላቸው ካፒቴን ዱሬሳ ሸራ እየጠቀሙ ነበር። መርፌውን አላቆሙም።

"በምን ይሄዳሉ አልክ?"

"ከባቡሩ ኋላ ተቀጥለው ነዋ።"

"ተጎትተው?"

"እንዴት ይሂዱ ታዲያ?"

"አልፈርምም" አሉ። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

ቅዳሜ ጠዋት ከለገሃር አቶ ሳህሌ የሚባል ተቆጣጣሪ መጣ። ጥሩ ሰው ነው፤ ሰዓት የሚያይ ዓይነት ጥሩ ሰው። መጋዘኑ ደጃፍ ቆሞ "ይሄን ጨርቅ ወደ ፉርጎ ወርውሩት" አላቸው ጫኞቹን። ካፒቴን ዱሬሳ ክምሩ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ጫኞቹ መሬት መሬት አዩ። አንዳቸውም ወደፊት አልተራመዱም፤ የግማሾቹ አባቶች የተለቀሱት እሳቸው ባሰሩት ድንኳን ሥር ነው። አቶ ሳህሌ ለመሳቅ ሞከረ፤ ቀጥሎ ተቆጣ፤ ቀጥሎ ሰዓቱን አየ። የዕቃው ባቡር መነሻው ደርሷል።

"አቶ ቀናው" አለ እየተሳፈረ፣ "እኔ አቃቂ እጠብቃለሁ። እስከ ዛሬ ማታ ሸራውና የተፈረመው ወረቀት ይድረሰኝ። አለበለዚያ በረሃው ውስጥ ሹም የጎደለው ጣቢያ አለ፤ ውሃው በባቡር የሚሄድለት። ይስማማሃል?"

ባቡሩ ሄደ። ቀናው ባለቤቱ የሺሐረግ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን እያሰበ ቢሮው ቆየና ከምሳ በኋላ ወደ መጋዘኑ ዞረ። ዛሬስ እጃቸውን ይዤም ቢሆን አስፈርማቸዋለሁ ብሎ ነበር። በሩን ሲከፍት መጋዘኑ ባዶ ነው። ሸራው የለም፣ ሰውየው የሉም፣ የኋላው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ከኋላ፣ የሐዲድ ጠጋኞች የሚጠቀሙባት ባለ አራት ጎማ የእንጨት ጋሪ ሐዲዱ ላይ ቆማለች። መሃሏ ላይ ረጅም የባሕር ዛፍ ግንድ ተተክሎ በአራት ማዕዘን በገመድ ተወጥሯል። ሸራዎቹ በጫኞቹ ትከሻ ወጥተው፣ በልክ ታጥፈው ግራና ቀኝ ተጭነዋል። አንደኛው፣ ትልቁ፣ ግንዱ ላይ ተጠቅልሎ ታስሯል። ካፒቴን ዱሬሳ ከላዩ ሆነው ወደ ፉሪ ተራራ ያያሉ። ከተራራው ወዲህ ሰማዩ ጠቁሯል።

"በሕግ አምላክ! ጋሽ ዱሬሳ፣ ይውረዱ!"

"ሕጉ አስረክበህ ፈርም አይደል የሚለው? አስረክባለሁ። እፈርማለሁም። አቃቂ ስደርስ፣ በራሴ ሄጄ።"

"መስመር ላይ እኮ ነው ያሉት! ስድስት ኪሎ ሜትር ነው! ሰው ምን ይላል?"

"ሰው ከኔ ጋር ምን ጉዳይ አለው? ና ውጣ። ተቀመጥ። አንድ ነገር ልንገርህ።"

ቀናው ለምን እንደወጣ አያውቅም። ምናልባት በሰባት ዓመት ውስጥ ካፒቴን ዱሬሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲናገሩ የመጀመሪያው ስለሆነ ይሆናል።

"የእንጨት መርከብ በአንድ ቀን አልሞተም ልጄ" አሉ። "መጀመሪያ እንፋሎቱ ሻዩንና ሱፉን ወሰደ። ምን ቸገረን አልን፤ የጣሪያ ድንጋይ አይቸኩልም። ቀጥሎ ባቡሩ ድንጋዩንም ወሰደ። ከዚያ የጀርመን ጦርነት መጣና እኅቶቿን አንድ በአንድ አሰመጣቸው። መርከበኞቿ ሰባት ነበርን፣ አምስት ሆንን፣ ከዚያ አራት። አንዱ ሰባ ዓመቱ፣ አንዱ አንድ ዓይና፣ አንዱ ካፒቴን ኦወን፣ አንዱ እኔ። ሸራ መግዣ ሲያጣ ኦወን የሚስቱን አንሶላ አምጥቶልኝ ጠግኜበታለሁ። እውነቴን ነው! አበባ ያለበት አንሶላ አንጠልጥለን ወደብ ገባን። የእንፋሎቶቹ ሠራተኞች መሬት ላይ ተንከባልለው ሳቁብን። ይሳቁ! ገብተናላ!"

 ገመዱን ነካ ነካ አደረጉት።

"መጨረሻ ስልሳ አራቱ ባለቤቶች ተሰበሰቡና እጅ አወጡ። ትሸጥ ተባለ። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ምሰሶዋ ተቆርጦ ሆዷ የከሰል ማከማቻ እንዲሆን። የእንፋሎት መርከብ ከሰል! አንዲት ጭስ የምትተፋ ጎታች መጣችና በገመድ አሰረቻት። ቀኑ ነፋስ ነበረው፣ ያማረ ነፋስ። ኦወን 'የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ በራሷ ትሂድ' ብሎ ለመናቸው። ደንቡ መጎተት ነው አሉት። እሺ አለ። እሺ አለ ልጄ! እኔም አብሬ እሺ አልኩ። መሪው ላይ ቆሜ ነበር። የምመራው ነገር አልነበረም፤ እጄን የት ላድርገው ብዬ ነው የያዝኩት።"

"ታዲያ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር?" አለ ቀናው።

"እምቢ ማለት! ምን ያደርጉን ነበር? ያን ቀን ለሁለት ሰዓት እምቢ ብል ኖሮ፣ ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ ሰፈሩን ኤለን ኤለን እያልኩ አላደነቁርም ነበር።"

ቀናው ስለዚያች መርከብ ሺህ ጊዜ ሰምቷል። የምግቧን ጨው፣ የወለሏን ሳንቃ፣ የድመቷን ስም ያውቃል። ይህን ግን አንድም ቀን አልነገሩትም።  ከጋሪው ወርዶ ወደ ቢሮው ሄደ፤ የተቸነከረው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ስልክ ማዞሪያውን አሽከርክሮ አቃቂ ጣቢያ ታደሰን አገኘ።

በዚህ መስመር ላይ ማንኛውም ነገር ከመለቀቁ በፊት ቀጣዩ ጣቢያ "ነጻ ነው" ማለት አለበት። ያለዚያ የገባ ሰው እሥር ቤት ይገባል።

"ታደሰ፣ መስመሩ ነጻ ነው?"

"እስከ አሥር ሰዓት ነጻ ነው። ምን ልትልክ ነው?"

"የጠጋኞች ጋሪ። ሸራ የጫነ።"

"ማን ነው የሚገፋው?"

"ማንም አይገፋውም።"

"የሚጎትተውስ?"

"ማንም አይጎትተውም።"

 "ቀናው፣ ደህና ነህ? የሺሐረግ ደህና ናት?"

"ደህና ናት። ነጻ ነው በለኝ።"

"ነጻ ነው። ልቀቅ። ጉድ ነው እንጂ!"

ቀናው ሰዓቱን መዝገቡ ላይ ጻፈ፤ ስምንት ሰዓት ከሃያ። ኮፍያውን አጠበቀ። ጋሪዋ ፍሬን የሚይዝ ሰው ትፈልጋለች፤ ጫኞቹ እኛ እንሂድ ቢሉ እምቢ ብሎ ራሱ ወጣ። ካፒቴን ዱሬሳ የአንዱን ገመድ ጫፍ ወርውረው ሰጡትና "ስልህ ትለቃለህ፣ ስልህ ትይዛለህ፤ ሌላ ጊዜ አፍህን ትዘጋለህ" አሉት።

ሸራውን ፈቱት። መጀመሪያ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ጫኞቹ መሳቅ ጀመሩ። ከዚያ ከፉሪ በኩል የዝናቡ ነፋስ ደረሰ፤ ሸራው ቧ ብሎ ተወጠረ፤ ጋሪዋ አንዴ አቃሰተችና ተነሣች። ሳቁ ወደ እልልታ ተለወጠ።

ከቃሊቲ እስከ አቃቂ አብዛኛው ቁልቁለት ነው። ይህን ማንም አይክድም። በእርሻው መሃል ሲያልፉ የሚያርሱ ሰዎች በሬውን አቁመው አዩ። አንዲት ሴት እንስራዋን አስቀምጣ አማተበች። ካፒቴን ዱሬሳ ግንዱን በአንድ እጃቸው አቅፈው፣ ነጠላቸው እየተርገበገበ፣ "ላላ አድርግ! ያዝ! ያዝ አልኩህ እኮ፣ ይሄ የጣቢያ ሹም ነው ወይስ የሬሳ ሣጥን!" እያሉ ይጮሁበታል። ቀናው መዳፉ ተልጧል፣ ኮፍያውን ነፋስ ወስዶታል፤ ግን ይስቃል። ለምን እንደሚስቅ አያውቅም።

ከአቃቂ ወንዝ ድልድይ በፊት ግን ሐዲዱ ይነሣል። ባቡር ላይ ተቀምጦ የሚሄድ ሰው ልብ የማይላት አጭር ዳገት ናት። ነፋሱ እዚያች ላይ ሲደርሱ ቀጥ አለ። ሸራው ረገበ። ጋሪዋ እየደከመች፣ እየደከመች፣ ወደ መቆም ደረሰች። ቀናው ሊገፋ ዘሎ ለመውረድ እግሩን አወረደ።

"አትንካት!" አሉ ካፒቴን። ድምፃቸው ተሰንጥቋል። "ከገፋሃት ጎተትካት ማለት ነው። ተወኝ፣ እዚሁ ልቁም።"

"ባቡር ይመጣል እኮ ጋሽ ዱሬሳ!"

"ገና ነው። ጠብቅ። ነፋስ ይጠበቃል እንጂ አይለመንም።"

ቀናው እግሩን መለሰ። ጋሪዋ ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ፍሬኑን ያዘ። ጠበቁ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ጉንጫቸውን ወደ ፉሪ አዞሩ። ቀናው በዚያች ደቂቃ ስለ በረሃው ጣቢያ አላሰበም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለገው፤ ይምጣ ነበር የሚለው፣ እባክህ ይምጣ። ትልልቅ የዝናብ ጠብታ እጁ ላይ ወደቀ። ከኋላው ሣሩ ሁሉ ተኛ።

"ፍሬን ልቀቅ!"

ለቀቀ። ሸራው ተነፋ። ጋሪዋ ያችን ዳገት እንደ ደከማት አሮጊት እያጉረመረመች ወጣቻት፤ ድልድዩን ተሻገረች። ቀናው በሙሉ ድምፁ ጮኸ። ምን ብሎ እንደጮኸ ባይጠይቁት ይመርጣል።

አቃቂ ጣቢያ የነበረ ሰው ሁሉ ወጥቶ አየ። አቶ ሳህሌም አየ። ካፒቴን ዱሬሳ ሸራውን አወረዱ፤ ዝናብ እየወረደባቸው ጫፉን ከጫፉ ጋር አገናኝተው በልኩ አጠፉት፤ ክምሩ ላይ ጨመሩት። እስክሪብቶ ጠየቁ። ወረቀቱ ላይ "ዱሬሳ ጉተማ፣ መርከበኛ" ብለው ፈረሙ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ የባቡር ትኬት ቆርጠው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በሳምንቱ ቀናው ለገሃር ተጠራ። ሦስት ሰዎች ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፣ መሃላቸው አቶ ሳህሌ። አስቀድመን ብለናል፣ ጥሩ ሰው ነው። ነገሩን አቅልሎ አመጣው።

"አቶ ቀናው፣ ማንም አይጎዳም። ጋሪው ቆሞ ሳለ ቁልቁለቱን ይዞ አመለጠ። አንተ ለማቆም ዘለህ ወጣህ። እንዲያውም ትመሰገናለህ። ሽማግሌው ከሥራ ወጥተዋል፣ ምን ይሆናሉ? ይህን ጻፍና ወደ ጣቢያህ ሂድ፤ ባለቤትህም ልትወልድ ነው አሉ።"

ወረቀቱን ገፋ አደረገለት። ሦስቱም ጠበቁ። ቃሊቲም አቃቂም ያኔ "የወሰዳቸው ቁልቁለቱ ነው" የሚለው ወሬ እየገነነ ነበር፤ የሚስቁ ነበሩ። አንድ "አዎ" ቢል ሁሉም ያርፋል፤ የሺሐረግም ልጇን ውሃ ባለበት አገር ትወልዳለች።

ቀናው ተነሣ።

"ከድልድዩ በፊት ዳገት አለ" አለ።

"ምን ዳገት?"

"ሐዲዱን የሠራው ኩባንያው ነው፤ ካርታችሁን እዩ። ቁልቁለት ዳገት አይወጣም። እዚያች ላይ ቆመን ነበር፤ አልገፋንም፣ ማንም አልጎተተንም። ጠበቅን፣ መጣ፣ ወጣን። እኔ ነበርኩ እዚያ! ፍሬኑን የያዝኩት እኔ ነኝ!"

ድምፁ ከፍ ማለቱን ያወቀው ከኮሪደሩ ሰው ብቅ ሲል ነው። አቶ ሳህሌ ግንባሩን አሸ።

"ቀናው፣ ወንድሜ፣ የምትለውን ከጻፍክ የት እንደምትመደብ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"እና ጋሪውን ምን ወሰደው ብለህ ነው የምትጽፈው?"

ቀናው ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ተቀመጠና በጉልህ ጻፈ፦ "ሸራ። በነፋስ። በእኔ ፈቃድ።" ስሙን ሙሉውን አስፍሮ ፈረመ።